ማን አሳደዳችሁ? (ተራራ ስለመምረጥ የተጻፈ ታሪክ ቢጤ)

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው፡፡ አራት ሆነን አምቦ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ስንጠጣ አንደኛዋ ጓደኛችን ስልኳን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችና «በቃ፣ የምንሄደው እዚህ ነው!» አለች፡፡ አየነው፡፡ ከላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከታች የገመድ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ይውለበለባል፡፡ አናፑርና፡፡ ኔፓል፡፡ የሁለት ሳምንት የእግር መንገድ!

ስንመረቅ የተማማልነው ነገር ነበር፡፡ ሥራ ይዘን፣ አንድ ዓመት አጠራቅመን፣ ተራራ ላይ ቀናት የሚፈጅ ጉዞ እናደርጋለን ብለን፡፡ (ጋዜጠኝነት ተመርቆ ገንዘብ ማጠራቀም እንዴት ነው የሚሆነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፡፡) ሁለተኛዋ ጓደኛችን «ሰሜን ተራራ እያለ ኔፓል ምን ያደርግልናል?» አለች፡፡ ሦስተኛዋ ኔትወርክ ይኑረው እንጂ የትም ይሁን ባይ ናት፡፡ እኔ ዳንዲና ወንጪ አልኩ፡፡ ሳቁብኝ፡፡ «እሱ እኮ ጓሯችሁ ነው!»

ማታ ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት፡፡ እኛ ቤት «አኮ» ነው የምንላት፡፡

«አራት ቀን በእግር? ለገበያ ነው?»

«አይደለም አኮ፡፡»

«ለቅሶ አለ?»

«የለም፡፡»

«ስለት አለባችሁ?»

«የለብንም፡፡ ዝም ብለን ነው የምንሄደው፡፡»

ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ማን አሳደዳችሁ?» አለችኝ፡፡

ያን ማታ ሳቅኩ፡፡ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቅ አለኝ፡፡ ምክንያቱም እውነቷን ነው! በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ ተራራ ላይ ቀናት ሙሉ ሲሄድ የኖረ ሰው ወይ ተሳዷል፣ ወይ አሳዷል፣ ወይ ነግዷል፣ ወይ መንኗል፡፡ «መርጦ» የሄደ ሰው ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል፡፡ እስቲ አብረን እንግለጥ፡፡

ከሁሉም የሚቀድመው ገጽ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነው፡፡ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ግብጻዊ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ አግኝቶ ገለበጠ፡፡ ጽሑፉ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ የንጉሡ ስም ያለበት ክፍል አልቆየልንም፡፡ ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይዘረዝርና ከዓባይ ማዶ (ብዙዎች ተከዜን ማለቱ ነው ይላሉ) ስላሉ የሰሜን ተራሮች ያነሳል፡፡ ለመውጣት የማይመቹ፣ ቅዝቃዜና በረዶ የማይለያቸው፣ ወታደሩ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ የሚሰምጥባቸው ናቸው ይለናል፡፡ እንግዲህ በአገራችን ተራራ ላይ ስለተደረገ ረጅም የእግር ጉዞ የተጻፈ የመጀመሪያው ወሬ ይኼ መሆኑ ነው፡፡ ፎቶ የለውም፡፡ የሄዱትም ለመዝናናት አልነበረም፡፡

ከዚያ በኋላም ያው ነው፡፡ ተራራ ማለት አምባ ነው፤ አምባ ማለት ደግሞ መደበቂያ ወይም መታሰሪያ፡፡ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ አምባ ግሸን ላይ ይቀመጡ ነበር፡፡ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ መጣ፤ ስሙ ብቻውን ይበቃል፡፡ ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከአፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አምልጦ ሸዋ የገባው ቁልቁል ወርዶ ነው፡፡ ያቺን ሌሊት ስለ መልክዓ ምድሩ ውበት ያሰበ አይመስለኝም፡፡

ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጡት መነኮሳት ግን መርጠው ነው የወጡት፡፡ ይኼን ለአኮ ብነግራት «እነሱማ የሚሹትን ያውቃሉ» እንደምትለኝ እርግጠኛ ነኝ፡፡

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ፡፡ ኔፓል ውስጥ የእግር ጉዞ ጥንታዊ ነገር ይመስለን ነበር፡፡ አይደለም፡፡ ኔፓል እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለውጭ ሰው የተዘጋ አገር ነበር፡፡ በሩ ገርበብ እንዳለ ተራራ ወጪዎች ተሻሙ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950 ፈረንሳዮቹ ኤርዞግና ላሽናል አናፑርና ጫፍ ላይ ደረሱ፤ ሰው ከ8,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ጫፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር፡፡ የመልስ መንገዱ ግን በውርጭ የእጅና የእግር ጣቶች አስከፍሏል፡፡ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ቴንዚንግ ኖርጌይና ኤድመንድ ሂላሪ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ፡፡

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የጀግኖች ነው፡፡ እንደኔና እንደናንተ ያለ ተራ ሰው ተራራ «የመረጠው» ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ጂሚ ሮበርትስ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ጡረተኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1964 ካትማንዱ ላይ አንድ ድርጅት ከፈተ፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነበር፡፡ ሰው ጫፍ መውጣት የለበትም፤ ተሸካሚ፣ ምግብ አብሳይና ድንኳን ካዘጋጀሁለት ከተራራው ሥር በእግሩ ቢሄድ ገንዘብ ይከፍለኛል አለ፡፡ በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች መጡ፡፡ ሦስት አሜሪካውያን ሴቶች! ይኼን ሳነብ ለጓደኞቼ ወዲያው ነው የላክሁላቸው፡፡ የሂማላያ የእግር ጉዞ ንግድ የተከፈተው በወጠምሻ ተራራ ወጪዎች ሳይሆን በሦስት ወይዛዝርት ነው፡፡ ልብ በሉ፣ በጠርሙስ የሚታሸገው የኛ አምቦ ውኃ ከዚህ ሁሉ በሠላሳ ምናምን ዓመት ይቀድማል፡፡

«ትሬክ» የሚለው ቃል ራሱ የመዝናኛ ቃል አልነበረም፡፡ የደቡብ አፍሪካ ቦየሮች ንብረታቸውን በበሬ ሠረገላ እየጎተቱ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲሰደዱ የሚጠሩበት ነው፡፡ ማን አሳደዳችሁ እንዲህ ሲል ይገባል፡፡

መንገዱም ቢሆን ለቱሪስት ተብሎ የተጠረገ አይደለም፡፡ አናፑርናን የሚዞረው መንገድ 5,416 ሜትር ከፍታ ያለውን ቶሮንግ ላ የሚባል በር ያቋርጣል፡፡ በዚያ አካባቢ መንገዶች ከቲቤት ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ወርደዋል፤ ሙክቲናት የሚባለውን ቅዱስ ስፍራ ሊሳለሙ የሂንዱና የቡድሃ አማኞች ወጥተዋል፡፡ ጨውና ስለት! በአሞሌ ዘመን ከአፋር ዝቅታ እስከ ደጋው በበቅሎና በአህያ የተጓዘውን ነጋዴ አስታውሱ፡፡ ለውጭ ሰው ዙሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፡፡ አሁን ደግሞ የመኪና መንገድ ገብቶበት ሦስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በየጊዜው እያጠረ ነው፡፡ የዋህም መንገድ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2014 በድንገት የወረደ የበረዶ ውሽንፍር በቶሮንግ ላና በአካባቢው ቢያንስ 43 ሰው ገድሏል፡፡ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ኔፓል የውጭ ሰው ያለ መሪ ብቻውን እንዳይሄድ ደንብ አውጥታለች፡፡

ፎቶ ያሳየችን ጓደኛችን ይኼን ሁሉ ስነግራት «እና ይቅር ነው የምትይው?» አለች፡፡ አላልኩም፡፡

የሰሜን ተራራው ወሬ ደግሞ ለብቻው ነው፡፡ እኛ ትምህርት ቤት «ራስ ዳሸን 4,620 ሜትር» ብለን በቃላችን ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን፣ ማርክ አግኝተንበታል፡፡ ኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ 4,550 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሰባ ሜትራችንን ማን እንደወሰደው እንጃ፡፡ (ማርኩን ግን አልመልስም፡፡)

ራስ ዳሸንን «መጀመሪያ የወጡት» እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒየ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው ይባላል፡፡ ትክክለኛው አባባል ግን «ወጣን ብለው የጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን» ነው፡፡ ጫፉ አጠገብ የድንጋይ ምሽግ አለ፡፡ ምሽጉን የካበ ሰው በክንፍ አልወጣም! ጽፎ አለማስቀመጡ ብቻ ነው ጥፋቱ፡፡ በረዶው ላይ የተደረገው ክርክር ደግሞ ያስቃል፡፡ የአባይን ምንጭ አየሁ ብሎ የተመካው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ሰሜን ተራራ ላይ በረዶ የሚባል አላየሁም አለ፡፡ ሄንሪ ሶልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በረዶውን በዓይኔ አይቻለሁ ሲል ብሩስን ሞገተው፡፡ የአዱሊሱ ድንጋይ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ «እስከ ጉልበት» ብሎ ነበር፤ ማን ሰማው?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር ገባ፡፡ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተብሎ ቆይቶ ወጣ፡፡ ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ቧሂት እያለ እስከ ራስ ዳሸን የሚወስደው መንገድ በዓለም ካሉ የታወቁ የተራራ ጉዞዎች አንዱ ሆነ፡፡ በቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጠመንጃ ያነገበው ስካውት… ደባርቅ የራሷ ሸርፓዎች አሏት ማለት ይቻላል፡፡ ነገር ግን የግጭ ሰፈር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለፓርኩ ሲባል ከተራራው ወርደው ደባርቅ እንዲሰፍሩ መደረጋቸውን አትርሱ፡፡ ለዋልያና ለሣሩ ማገገም በጎ ነው ይባላል፤ ይሆናል፡፡ እኛ «መርጠን» የምንወጣበት ተራራ ላይ ተወልዶ ሳይመርጥ የወረደ ሰው መኖሩ ግን እኔን ያሳስበኛል፡፡

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በጣም የወደድኩት፡፡ ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሰሜን ተራራ አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ፣ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተመች፡፡ የአንዲስ ተራራ ሰዎች አየሩ ሲሳሳባቸው ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል፤ የቲቤቶቹ ሄሞግሎቢን ብዙም አይጨምርም፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ይላል፡፡ የአምባራሶቹ ሁለቱም ከባሕር ጠለል ሰው እምብዛም አይለይም፡፡ ሦስተኛ መንገድ! ይኼን ያነበበች ጓደኛችን «በቃ ኤቨረስት ለኛ ምንም አይደለም» ብላ ልትነሳ ነበር፡፡ አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አስታወስናት፡፡

እሺ፣ ምዕራብ ሸዋስ? ምዕራብ ሸዋ ለምን ዝርዝር ውስጥ አይገባም?

አንዱ መልስ ከ1950ዎቹ ይመጣል፡፡ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ያወጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን ቱሪዝም ሲያደራጁ ዋናው ዕቃ «ታሪካዊው መስመር» ነበር፡፡ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም፡፡ ለዚያ ዘመን ብልህ ሐሳብ ነው፤ በአውሮፕላን ይደረሳል፣ ሐውልቱና ቤተ መንግሥቱ ቆሞ ይጠብቃል፡፡ በካርታው ላይ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለው ገጽ ባዶ ቀረ፡፡ ወደ አምቦ የሚመጣው ሰው ለፍል ውኃው መጣ፣ ዋኘ፣ ተመለሰ፡፡ (በጃንሆይ ጊዜ ከተማዋ «ሀገረ ሕይወት» ትባል እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?)

መንገዱ ግን ባዶ አይደለም፡፡ ከአዲስ አበባ ስትወጡ የመናገሻና የወጨጫ ደን በግራ ይቀበላችኋል፡፡ ቀጥሎ ሆለታ፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት ዘመናዊው የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት፡፡ ቀጥሎ አዲስ ዓለም፤ ምኒልክ እንጨት አለቀ ብለው ዋና ከተማ ሊያደርጓት የነበረችው (ባሕር ዛፍ ባይመጣ ዛሬ «አዲስ አበባ ገባሁ» የምንለው እዚህ ስንደርስ ነበር)፡፡ ከዚያ ጊንጪ ትመጣለች፤ እዚህ ላይ ወርዳችሁ አንገታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ፡፡ ዳንዲ፡፡

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ከዚህ አካባቢ የተወለደ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ጫካ ገባ፡፡ ጃገማ ኬሎ፡፡ አምስቱን የወረራ ዓመታት በነዚህ ተራሮችና ደኖች ከጦሩ ጋር ሲዋጋ ኖሮ፣ ሲያድግ ጄኔራል ሆኖ፣ «የበጋው መብረቅ» ተብሎ፣ በ2009 ዓ.ም. አረፈ፡፡ ከተራራው ወዲያ በወሊሶ በኩል ደግሞ ገረሱ ዱኪ ነበሩ፡፡ ዛሬ ድንኳን ተክለን «ቪው» የምንለው ሸንተረር ለነሱ መሸሸጊያና ማድፈጫ ነበር፡፡ የ15 ዓመት ልጅ! እኔ በ15 ዓመቴ ብቻዬን ታክሲ አልያዝኩም፡፡

ከጊንጪ ከፍ ብሎ ጭልሞ ደን አለ፡፡ ጥድና ዝግባ፡፡ ደኑን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በጋራ የማስተዳደር አሠራር በአገራችን ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፡፡ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የወጡት የኳስ ሜዳችን ሊወሰድ፣ ደናችን ለኢንቨስትመንት ሊመነጠር ነው ብለው ነበር፡፡ ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳረሰ፡፡ ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 2006፣ አምቦ ላይ በማስተር ፕላኑ ምክንያት የወጡ ተማሪዎች ተገድለዋል፡፡ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የተዘጋ በርና የእናቴን ዝምታ ነው፡፡ ታዲያ ስለዚህ አካባቢ የእግር ጉዞ ስጽፍ ስለ ሣርና ስለ ሐይቅ ብቻ ልጽፍ አልችልም፡፡ ደኑን የምናይበት ዓይን ደን ብቻ አያይማ፡፡

አሁን ስለ ጉዞው፡፡ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከሌሎች ልጆች ጋር ከዳንዲ ወንጪ ሄጃለሁ፡፡ (ጓደኞቼ ስቀውብኝ ሳለ ይኼን አልነገርኳቸውም ነበር፡፡)

ዳንዲ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚወጣ ያረጀ እሳተ ገሞራ ነው፡፡ ከጊንጪ ተነስታችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ ብርድ ነው፡፡ ጠርዙ ላይ ስትደርሱ ሐይቁ ከታች ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ወገቡ ላይ ታስሮ ስምንት ቁጥርን የመሰለ፡፡ ከኛ ጋር የነበረው የአካባቢው ልጅ ፈረሱን እየሳበ፣ ሁሉካ ወንዝ የሚነሳው ከዚህ ነው አለን፡፡ ሁሉካ ማለት አምቦን አቋርጦ የሚያልፈው፣ ልጅ ሳለን እግራችንን የነከርንበት ወንዝ! ይኼ ውኃ ጉደር ይገባል፣ ጉደር አባይ ይገባል፣ ከዚያማ ግብጽ ነው፡፡ በማግስቱ የደረስንበት የወንጪ ሐይቅ ደግሞ በወልጋ ወንዝ በኩል ወደ ኦሞ፣ ከዚያ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል፡፡ ሁለት ጎረቤት ሐይቆች ናቸው፡፡ አንዱ ሜዲትራኒያን፣ አንዱ ቱርካና፡፡ በሁለቱ መሃል በሚያልፈው ሸንተረር ላይ ቆሜ ከኮዳዬ ትንሽ ውኃ በግራ፣ ትንሽ በቀኝ አፈሰስኩ፡፡ ሞኝነት ነው፤ ግን ማንም አላየኝም፡፡

ሌሊቱ ከባድ ነበር፡፡ አንዷ ልጅ ራሷን ፍልጥ አደረጋት፣ ምግብም አልቀመስ አላት፡፡ መጋኛ ነው ያለም ነበር፡፡ ፈረስ ሳቢው ልጅ ነጭ ሽንኩርት አኝኪ አላት፡፡ ቆይቼ ሳነብ ኔፓል ውስጥም ለከፍታ ሕመም ለእንግዳ የሚሰጡት የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ኖሯል! ማዳኑ በሳይንስ አልተረጋገጠም፡፡ የሚረዳው ቀስ ማለት ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በየቀኑ የምታድሩበትን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ ሕመሙ ካልተወ ደግሞ መውረድ፡፡ እኛ ከአምቦ ተነስተን በአንድ ቀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወጥተን ነበር፡፡ ጀግኖች!

ስንቃችን ጭኮና በሶ ነበር፡፡ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ጭኮው በቅቤ የታሸ፡፡ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ምድጃ አይፈልግም፡፡ ውድ ዋጋ አውጥቶ የውጭ አገር የመንገደኛ ብስኩት የሚሸምት ሰው ይኼን ይስማ፡፡

ወንጪ 3,386 ሜትር ነው፡፡ ከጠርዙ ወደ ታች ስታዩ ሐይቁ፣ ደሴቶቹ፣ በዙሪያው የእንሰት ጓሮዎችና ጢስ የሚወጣቸው ጎጆዎች ይታያሉ፡፡ ወርደን በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ተሻገርን፡፡ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ አባት ከየት እንደመጣን ጠየቁን፡፡ በዳንዲ በኩል በእግር ስንላቸው «እሰይ፣ ለሳምንት ስለት ነው?» አሉን፡፡ አንዳችንም «አይደለም» ለማለት አልደፈርንም፡፡

ወንጪ በአሁኑ አከላለል ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ ቀድሞ ሁሉም ምዕራብ ሸዋ ነበር፡፡ አዲስ አበባ ያለው ሰው አብዛኛው ስሙን በደንብ የሰማው በ2012 መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ሲጠራው ነው፡፡ በ2014 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አለው፤ በ2016 ሎጁ ተመረቀ፡፡ መንገዱ ተሠራ፡፡ ጥሩ ነው፤ የማማረር ሱስ የለብኝም፡፡ ግን ከዚህ ሁሉ በፊትም የወንጪ ገበሬ ፈረሱን በተራ እያከራየ፣ ልጁን በመሪነት እየላከ እንግዳ ያስተናግድ ነበር፡፡ አስፋልት ሲመጣ አናፑርና ላይ የሆነውን አይተናል፤ መኪና እስከ ሐይቁ ከወረደ ፈረስ ማን ይከራያል?

እና ምርጫው?

ኔፓልን ደምረን አየነው፡፡ የአውሮፕላኑ ቲኬት፣ ቪዛው፣ የመሪው፣ የተሸካሚው፣ ዶላሩ… ደመወዛችንን በዓመት ሳይሆን በዘመን ማስላት ሊኖርብን ነው፡፡ አልሰረዝነውም፤ ከዝርዝሩ ታች ጻፍነው፡፡ የኤቨረስት ሥር ካምፕ 5,364 ሜትር ስለሆነ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት የበላችዋ ልጅ (አዎ፣ ከአራታችን አንዷ ናት፣ የሰሜን ተራራዋ) «መጀመሪያ አገሬ ላይ ልሞክር» ብላለች፡፡ ባሌ ተራራም ተነስቶ ነበር፡፡ ሳነቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቀይ ቀበሮ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል፡፡ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋልና እዚህ አልነካካውም፡፡

ሰሜን ተራራን በተመለከተ ደባርቅ የሚኖር ዘመድ ያላት ጓደኛችን ደወለች፡፡ በአማራ ክልል በ2015 ክረምት ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ እዚያ ያሉ በቅሎ ነጂዎችና ምግብ አብሳዮች እንዴት እንደከረሙ ነገሯት፡፡ ብዙም አላወራንበትም፡፡

ቀረ ጓሯችን፡፡ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጓሯችንም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፡፡ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ ባለው ግጭት ምክንያት «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ሜትር ከፍታ ነው?» ከሚለው ይቀድማል፡፡ መኪና ያልገባበትን መንገድ በእግር፣ ያውም አራት ሴቶች… እናቴ ወሬውን ስትሰማ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ያንኑ የልጅነቴን ዝምታ ዝም አለች፡፡ ስለዚህ ደንብ አወጣን፡፡ የአካባቢው መሪ ሳይኖር አንሄድም፤ ከመነሳታችን በፊት የቀበሌውንም፣ የመሪውንም፣ የፈረስ አከራዩንም ቃል እንጠይቃለን፤ አንዳቸው «ይቆይ» ካሉ ይቆያል፡፡ ወቅቱ ጥቅምት ወይም ኅዳር ነው፤ ጭቃው ይደርቃል፣ ገብሱ ገና አልታጨደም፣ ሰማዩ ይጠራል፡፡ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፡፡ በቀን ብዙ አንሄድም፡፡ ጊንጪ፣ ዳንዲ፣ ወንጪ፣ አራተኛው ቀን ከወንጪ አምቦ፡፡ ያለፈው ጊዜ ይቺን የመጨረሻዋን የወረድናት በመኪና ነበር፡፡

በየወሩ ለመሪው እንደውላለን፡፡ ሁለት ጊዜ «ይቆይ» ብሎናል፡፡ ባለፈው ሳምንት ግን «ኑ ይሆናል» አለ፤ ገና ቀን አልቆረጥንም፡፡

ይኼንኑ ለአኮ ነገርኳት፡፡ ከወንጪ አምቦ በእግር የምትለዋን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፡፡ ለካ መንገዱ የሷ ነው! ከማግባቷ በፊት ቅቤና ማር ተሸክማ፣ ለቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ በባዶ እግሯ የወረደችው፡፡ ስንት ጊዜ ብላት «ቅዳሜ ስንት ነው?» አለችኝ፡፡

የት እንደምናርፍ፣ የትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቁልቁለት ዝናብ ከነካው እንደሚያንሸራትት አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔም ደብተር አውጥቼ ጻፍኩ፡፡ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ወንዙን ከመሻገራችሁ በፊት፣ ሸክማቸውን አውርደው ጥላው ሥር የሚያርፉበት ትልቅ ዝግባ ነበር አለች፡፡ ቆርጠውት ይሆናል፤ ካለ ግን እይልኝና ንገሪኝ፡፡